ያለ ቅባት የማይሠራ ኤንዛይም፦ ካርዲዮሊፒን፣ የባርዝ ሕመምና አዲሱ መድኃኒት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤላሚፕሬታይድ ለተባለ መድኃኒት የተፋጠነ ፈቃድ ሰጠ። ፈቃዱ የሚመለከተው ባርዝ ሲንድረም በሚባል የውርስ ሕመም የተያዙትንና ክብደታቸው 30 ኪሎ ግራም የደረሰ ሕሙማንን ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሕሙማን በመላው አሜሪካ 150 ገደማ ስለሆኑ ዜናው ከሐኪሞችና ከታማሚ ቤተሰቦች ርቆ ብዙም አልተሰማም። ለባዮኬሚስትሪ ግን ጉዳዩ ከሕሙማኑ ቁጥር እጅግ የሰፋ ነው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች አንድን ኤንዛይም ወይም አንድን የተቀባይ ፕሮቲን ዒላማ ሲያደርጉ፣ ይህኛው የሚጣበቀው ካርዲዮሊፒን ከሚባል፣ የሕዋስ ጉልበት በሚመነጭበት በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከሚገኝ ፎስፎሊፒድ (የሽፋን ቅባት) ጋር ነው። ፎስፎሊፒድ ኤንዛይሞች የሚቀመጡበት ወለል ብቻ ሳይሆን የኤንዛይሙ የሥራ አካል ነው የሚለው ሐሳብ በቤተ ሙከራ ስድሳ ዓመት ያስቆጠረ ነው። አሁን ደግሞ በሕሙማን ላይ እየተፈተነ ይገኛል። የቤተ ሙከራው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ የሕክምናው ማስረጃ ግን ገና ስስ ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ መናገር ደግሞ ወደ ስሕተት ይወስዳል።

ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋኖች አሉት። ውጫዊው በአንጻራዊነት ልቅ ሲሆን ትንንሽ ሞለኪውሎችን ያሳልፋል። ውስጠኛው ግን ብዙ ጊዜ የተጣጠፈና ለፕሮቶን እንኳ ዝግ የሆነ፣ ከክብደቱም ሦስት አራተኛ ያህሉ ፕሮቲን የሆነ፣ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሽፋኖች ሁሉ በፕሮቲን እጅግ የታጨቀ ነው። ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች በዚህ ሽፋን ላይ የመተንፈሻ ሰንሰለት በሚባለው ተርታ ከአንድ የፕሮቲን ስብስብ ወደ ሌላው እየተላለፉ በመጨረሻ ኦክስጅን ላይ ይደርሳሉ። በመንገዳቸው የሚለቁት ጉልበት ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ወዲያ ማዶ ይገፋል፤ ፕሮቶኖቹ ሲመለሱ ደግሞ፣ ወራጅ ውኃ የወፍጮ ድንጋይ እንደሚያዞር ሁሉ፣ ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለውን ኤንዛይም አዙረው ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋሱ ለሥራው ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል፣ እንዲመረት ያደርጋሉ። ፒተር ሚቸል ይህን ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 ግን የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት የሽፋኑ ቅባት ዋና ተግባር ማገድ ነው፤ ፕሮቶን እንዳያሾልክ። ይህ እውነት ቢሆንም የታሪኩ ግማሽ ነው።

ሌላው ግማሽ የተጀመረው በዚያው ዘመን፣ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኤንዛይም ምርምር ተቋም ነው። ዴቪድ ግሪን የሚመራው ይህ ተቋም ከቄራ የሚመጣ የከብት ልብ እየተጠቀመ ማይቶኮንድሪያን በብዛት የማውጣት ችሎታ አዳብሮ ነበር። ሲድኒ ፍላይሸርና ባልደረቦቹ ማይቶኮንድሪያውን ጥቂት ውኃ በተቀላቀለበት አሴቶን አጥበው ከቅባቱ አብዛኛውን አስወገዱ፤ ከዚያም ኤሌክትሮን የማስተላለፍ ሥራው ቆመ። ፕሮቲኖቹ ግን በቦታቸው ነበሩ። ከማይቶኮንድሪያ የተገኘ ፎስፎሊፒድ በውኃ ተበጥብጦ ሲጨመርበት ሥራው ተመልሶ ጀመረ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ። አሴቶን ከቅባቱ ጋር ኮኤንዛይም ኪው የተባለውን ኤሌክትሮን አቀባይ ሞለኪውልም አጥቦ ስለሚወስድ፣ በአንዳንዶቹ የሰንሰለቱ ክፍሎች ላይ እንቅስቃሴው የሚመለሰው ሁለቱም ሲተኩ ነበር። ይህ ዝርዝር ጥቃቅን ቢመስልም ለድምዳሜው ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ተመራማሪዎቹ የጎደለውን እየለዩ አንድ በአንድ መመለስ ስለቻሉ፣ ኤንዛይሞቹ ሥራ ያቆሙት በአሴቶኑ ተበላሽተው ነው የሚለውን ክርክር ዘጉት። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቅባቱ የወጣለት ማይቶኮንድሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የሽፋኑ ቅርጽ በአብዛኛው እንዳለ ተገኘ። መዋቅሩ ቆሟል፤ ሥራው ግን የለም።

ይሁንና ይህ ሙከራ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ቀርቷል። ኤንዛይሞቹ የፈለጉት ማንኛውንም ቅባት ነው ወይስ የተወሰነውን? እንደ እኔ እምነት የዘርፉ እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ማንኛውም ቅባት የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ፎስፎሊፒድን ተራ ማሟሚያ ብለን በማለፍ ጉዳዩን መዝጋት ይቻል ነበር።

የመጀመሪያው ግልጽ መልስ የመጣው ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ዲሃይድሮጅኔዝ ከተባለ ኤንዛይም ነው። ሰው ለረጅም ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ሲቆይ ጉበት ከስብ የኪቶን ውሁዶችን ያመርታል። ይህ ኤንዛይም በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ከእነዚህ ውሁዶች አንዱን ወደ ሌላው ይለውጣል። ኤንዛይሙ ተጣርቶ ከቅባት ሲለይ አይሠራም፤ ፎስፋቲዲልኮሊን፣ በተለምዶ ሌሲቲን የሚባለው፣ ሲጨመርለት ግን ይነቃል። ሌሎቹ የማይቶኮንድሪያ ፎስፎሊፒዶች ብቻቸውን ይህን ማድረግ አይችሉም። የቅባቱ ጭራ የቱንም ያህል ቢለያይ፣ ኤንዛይሙ የሚፈልገው ኮሊን ያለበትን ራስ ነው። እዚህ ላይ ቅባቱ ማሟሚያ ሳይሆን በልኩ ተመርጦ የሚገጠም አካል መሆኑ ታየ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ፣ ማለትም የምንተነፍሰውን ኦክስጅን ወደ ውኃ የሚለውጠው አራተኛው የፕሮቲን ስብስብ ነው። ይህን ኤንዛይም ከከብት ልብ የሚያጣሩ ተመራማሪዎች ሌላውን ቅባት ሁሉ በሳሙና መሰል ኬሚካሎች ቢያጥቡትም ጥቂት የካርዲዮሊፒን ሞለኪውሎች ከኤንዛይሙ ጋር ተጣብቀው እንደሚቀሩ ደረሱበት። እነዚህንም በግድ ሲያላቅቋቸው ኤንዛይሙ ከሥራ አቅሙ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ካርዲዮሊፒን ሲመለስለት አቅሙ ይመለሳል፤ በምትኩ ሌላ ፎስፎሊፒድ ቢሰጠው ግን አይመለስም። በኋላ የጃፓን ተመራማሪዎች የኤንዛይሙን ክሪስታል በኤክስሬይ ሲመረምሩ በእያንዳንዱ አሃድ ላይ 13 የቅባት ሞለኪውሎችን ቆጠሩ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ካርዲዮሊፒን ናቸው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ቅባቱ በፕሮቲኑ ስንጥቆች ውስጥ የተወሰነ ቦታ ይዞ፣ ከተወሰኑ አሚኖ አሲዶች ጋር ተያይዞ ይታያል።

ካርዲዮሊፒን ራሱ እንግዳ ሞለኪውል ነው። ተራ ፎስፎሊፒድ አንድ ራስና ሁለት የፋቲ አሲድ ጭራዎች ሲኖሩት፣ ካርዲዮሊፒን ሁለት ፎስፌቶችና አራት ጭራዎች አሉት፤ ሁለት ፎስፎሊፒዶች በአንድ ግሊሰሮል ተሳስረው እንደ አንድ የተቆጠሩ ማለት ይቻላል። ራሱ ለጭራዎቹ ብዛት ትንሽ ስለሆነ ሽፋኑ በሚጎብጥበት ቦታ ይመቸዋል። በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ የሚመረተውም ሆነ በአብዛኛው የሚገኘው በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ሲሆን፣ ከዚያ ሽፋን ፎስፎሊፒዶች አንድ አምስተኛ የሚጠጋው እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከከብት ልብ ነጥላ ያወጣችው ሜሪ ፓንግቦርን ስትሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1942 ነበር። እርሷ የምትፈልገው ግን ስለ ጉልበት ማመንጨት ለማወቅ አልነበረም፤ ለቂጥኝ ምርመራ የሚያገለግል አስተማማኝ ንጥረ ነገር ነበር የምትሻው። ዛሬም ነፍሰ ጡር እናቶች በክትትል ወቅት የሚታዘዝላቸው ቪዲአርኤል የተባለው የደም ምርመራ የሚሠራው በካርዲዮሊፒን ነው። ሉፐስ የተባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ቂጥኝ ሳይኖርባቸው ምርመራው አለባቸው የሚለው፣ ሰውነታቸው ይህንኑ ቅባት የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያመርት ነው። እንግዲህ የጤና ባለሙያዎች ሞለኪውሉን በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት፣ በራሳቸው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ገና አልታወቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተገኙት ማስረጃዎች ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። ኤዲፒን (ኤቲፒ ጉልበቱን ሲለቅ የሚቀረውን) ወደ ውስጥ፣ ኤቲፒን ወደ ውጭ የሚያመላልሰው ተሸካሚ ፕሮቲን ስድስት ካርዲዮሊፒኖችን አጥብቆ እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በእርሾ ላይ በተደረገ ጥናት የመተንፈሻ ሰንሰለቱ ስብስቦች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ትልቅ ጓድ የሚፈጥሩት ካርዲዮሊፒን ሲኖር እንደሆነ ታየ፤ ቅባቱን መሥራት የማይችል እርሾ ስብስቦቹን ነጣጥሎ ይዞ ይገኛል። ለጓዱ ጥቅም የሚሰጠው ማብራሪያ ግን አሁንም ያከራክራል። አንዳንዶች ኤሌክትሮን በፍጥነት እንዲተላለፍ ይረዳል ሲሉ፣ ሌሎች ጥቅሙ ፕሮቲኖች በተጨናነቁበት ሽፋን ላይ ሥርዓት ማስጠበቅ ነው ይላሉ። ኤቲፒ ሲንቴዝ በበኩሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚደረደረው የሽፋኑ እጥፋት ጫፍ ላይ፣ ሽፋኑ በጣም በሚጎብጥበትና ለካርዲዮሊፒንም በሚመቸው ስፍራ ነው።

ካርዲዮሊፒን ብቻውን እንዳይነግሥ ፎስፋቲዲልኢታኖላሚንም መጠቀስ አለበት። ከውስጠኛው ሽፋን ፎስፎሊፒዶች ሲሶ ያህሉ እርሱ ነው፤ ከፊሉም የሚመረተው እዚያው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ከፎስፋቲዲልሴሪን ነው። በእርሾ ውስጥ ይህ ቅባት ሲቀንስ የሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ ሥራ ይዳከማል። በሰዎችም ላይ ይህን ቅባት የሚያመርተው ኤንዛይም ሲበላሽ ከባድ የውርስ ሕመም ይከተላል። ስለዚህ የውስጠኛው ሽፋን ኤንዛይሞች የሚፈልጉት አንድ ተአምረኛ ቅባት ሳይሆን፣ የተመጣጠነ የቅባት ስብጥር ነው።

አሁን ወደ ባርዝ ሕመም እንመለስ። የኔዘርላንድስ ሐኪም ፒተር ባርዝ እ.ኤ.አ. በ1983 በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ወንዶች ልጆችን እየመረጠ የሚያጠቃ ሕመም መዝግቦ አቀረበ። ልባቸው ይሰፋና ይደክማል፤ ጡንቻቸው ይዝላል፤ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሶቻቸው ስለሚያንሱ በኢንፌክሽን ይጠቃሉ፤ እድገታቸውም ይዘገያል። ምክንያቱ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ታፋዚን የተባለ ጂን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ጂኑ በዚህ ክሮሞዞም ላይ ስላለ እናቶች ይሸከሙታል፤ የሚታመሙት ግን በአብዛኛው ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው።

ታፋዚን የሚሠራው ሥራ ካርዲዮሊፒንን ማምረት አይደለም፤ ማስተካከል ነው። ሕዋሱ መጀመሪያ የሚያመርተው ካርዲዮሊፒን የተዘበራረቁ ጭራዎች ስላሉት፣ ጭራዎቹ እየተነቀሉ በሌላ ይተካሉ። በጤነኛ የሰው ልብ ውስጥ ሥራው ሲጠናቀቅ አብዛኞቹ ካርዲዮሊፒኖች አራቱም ጭራቸው ሊኖሌይክ አሲድ ይሆናል። ታፋዚን ሲጎድል ጭራው ተነቅሎ ሳይተካ ይቀርና ባለ ሦስት ጭራ የሆነ፣ ሞኖላይሶካርዲዮሊፒን የሚባል ጎዶሎ ቅባት ይከማቻል፤ ሙሉው ካርዲዮሊፒን ደግሞ ያንሳል። በሕሙማን ሕዋሶች ውስጥ የመተንፈሻ ሰንሰለቱ ፕሮቲኖች እንዳሉ ቢሆንም፣ የተያያዙበት ጓድ ልልና በቀላሉ የሚፈርስ ሆኖ ይገኛል። የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች በአሴቶን በጨካኝ መንገድ ያሳዩትን ነገር ተፈጥሮ እዚህ ላይ በአንድ ጂን ጉድለት ቀስ ብላ አሳይታለች ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ጉዳቱ ከፊል መሆኑ ነው። ኤንዛይሞቹ ፈጽመው አይቆሙም፤ የሚታወቀው ልብና ጡንቻ ብዙ ጉልበት ሲጠይቁ ነው።

ሊኖሌይክ አሲድ ሲነሣ የኢትዮጵያ አንባቢ ወዲያው ኑግን ማሰቡ አይቀርም፤ የኑግ ዘይት ከፋቲ አሲዶቹ ሰባ በመቶ የሚጠጋው ይኸው ሊኖሌይክ አሲድ ነውና። ነገር ግን የባርዝ ሕሙማን ችግር የሊኖሌይክ አሲድ እጥረት አይደለም። ጥሬ ዕቃው አለ፤ የጎደለው በቦታው የሚተክለው ኤንዛይም ነው። ዘይት በመጨመር ሕመሙን ማዳን የሚቻል ቢሆን ኖሮ በአመጋገብ ብቻ ይፈታ ነበር፤ አልተፈታም።

ኤላሚፕሬታይድ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሄዝል ሴቶና ፒተር ሺለር የተባሉ ተመራማሪዎች የሕመም ማስታገሻ ሊሆኑ የሚችሉ አጫጭር ፔፕታይዶችን (የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶችን) ሲያጠኑ፣ ከአራት አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ አንድ ፔፕታይድ ሳይታሰብ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሲከማች አገኙት። ፔፕታይዱ አዎንታዊ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ካለው ካርዲዮሊፒን ጋር ይሳሳባል፤ ውሃን የሚሸሹት ክፍሎቹ ደግሞ በሽፋኑ ቅባት ውስጥ ይገባሉ። ካርዲዮሊፒን ሳይቶክሮም ሲ የተባለውን ትንሽ ኤሌክትሮን ተሸካሚ ከሽፋኑ ጋር አቅርቦ ይይዘዋል። ይሁን እንጂ ሕዋሱ ሲጨነቅ ይኸው ጥንድ መልኩን ይቀይራል፤ ሳይቶክሮም ሲ ካርዲዮሊፒንን ራሱን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያም ተፈትቶ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ በመውጣት ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ምልክት ይሰጣል። የመድኃኒቱ አልሚዎች ፔፕታይዱ በመካከል ገብቶ ይህን ቃጠሎ እንደሚቀንስና የሽፋኑን እጥፋት እንደሚደግፍ ያምናሉ። መድኃኒቱ የጎደለውን ታፋዚን አይተካም፤ የተበላሸውን ካርዲዮሊፒንም አያድስም። ያለውን በተሻለ ሁኔታ እንዲሠራ ለማገዝ የታሰበ ነው፤ በየቀኑም ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል።

የሕክምናው ማስረጃ ስስ ነው ያልኩት በምክንያት ነው። በባርዝ ሕሙማን ላይ የተደረገው ዋናው ሙከራ 12 ሰዎችን ብቻ ያካተተ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ለ12 ሳምንት መድኃኒቱን፣ ለ12 ሳምንት ደግሞ መድኃኒት የሌለውን መርፌ በተራ ወስዷል። በዚህ ንጽጽር መድኃኒቱ በስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞም ሆነ በድካም መለኪያው ከባዶው መርፌ አልተሻለም። መሻሻሉ የታየው ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም መድኃኒቱን እያወቁ ለረጅም ጊዜ በወሰዱበት ክትትል ነው። እዚህ ላይ ጥርጣሬ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ የእግር ጉዞ ርቀት በታማሚው ተስፋና ጥረት ይለዋወጣል፣ ሕጻናት ደግሞ በጊዜ ብዛት ያድጋሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2024 የተሰበሰበው የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የአማካሪዎች ጉባኤ በ10 ለ6 ድምፅ መድኃኒቱን ደገፈ፤ በሜይ 2025 መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ባለበት ሁኔታ እንደማይቀበል አስታወቀ፤ ከአራት ወር በኋላ ግን የጉልበት ዘርጊ ጡንቻዎች ጥንካሬ መሻሻልን መሠረት አድርጎ የተፋጠነውን ፈቃድ ሰጠ። እንዲህ ያለ ፈቃድ አምራቹ ጥቅሙን በተጨማሪ ጥናት እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል።

ከዚህም በላይ መታወስ ያለበት አንድ ነገር አለ። ይኸው መድኃኒት መነሻቸው የተለያየ የማይቶኮንድሪያ የጡንቻ ሕመሞች ባሉባቸው 218 ሰዎች ላይ በትልቅ ሙከራ ተፈትኖ ዋና ግቦቹን አልመታም። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሕመማቸው የመጣው ከካርዲዮሊፒን ሳይሆን ከሌላ የጂን ጉድለት ነበር። ይህ ውጤት መድኃኒቱን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ እንዲያውም የንድፈ ሐሳቡን ወሰን በግልጽ ያሳያል። የመተንፈሻ ሰንሰለቱ ፕሮቲን ራሱ ከተሰበረ ቅባቱን መደገፍ ብዙ አይጠቅምም፤ የተበላሸው ቅባቱ ከሆነ ግን ሊጠቅም የሚችልበት ምክንያት አለ። የባርዝ ሕመም ለዚህ ሐሳብ ከሁሉም የተሻለ መፈተኛ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሕሙማኑ ጥቂት መሆናቸው ብቻ ፈተናውን አዳጋች አደረገው።

ስለ ፎስፎሊፒድ የሚሰማው ሁሉ ከሳይንስ የሚመጣ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ማይቶኮንድሪያን ያድሳሉ፣ እርጅናን ያዘገያሉ እየተባሉ የሚሸጡ የሌሲቲንና የፎስፎሊፒድ እንክብሎች በኢንተርኔት ገበያው ሞልተዋል። የሚዋጥ ፎስፎሊፒድ ግን እንዳለ ወደ ልብ ሕዋስ አይሄድም። በአንጀት ውስጥ ከጣፊያው ጎን ካለው የቆሽት ዕጢ የሚመጡ ኤንዛይሞች ጭራውን ይቆርጡታል፤ ቁርጥራጩ ተመጥጦ እንደገና ይገጣጠምና ከሌላው የምግብ ስብ ጋር በደም ይዘዋወራል። ሕዋሶች ካርዲዮሊፒናቸውን የሚሠሩት እዚያው ማይቶኮንድሪያቸው ውስጥ ነው፤ በአፍ የሚወሰድ ካርዲዮሊፒን በቦታው ሄዶ አይተካም። የዊስኮንሲኑ ሙከራ የተሳካው ቅባቱ የተጨመረው በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ባለ፣ ሽፋኑ በተገለጠ ማይቶኮንድሪያ ላይ ስለነበር ነው፤ በእንክብል ሻጮች ማስታወቂያ ውስጥ የማይገኘውም ይህ ልዩነት ነው።

ለሐኪሞች በተግባር የቀረበው ጥቅም ከመድኃኒቱ ይልቅ በምርመራው በኩል ነው። የጎዶሎው ካርዲዮሊፒን መጠን ከሙሉው ጋር ያለው ጥምርታ በባርዝ ሕሙማን ላይ ስለሚዛባ፣ ይህን ጥምርታ በወረቀት ላይ ከደረቀ ጥቂት የደም ጠብታ መለካት ይቻላል። የደረቀ ደም በተራ ፖስታ ሊላክ ስለሚችል ልኬቱ በሌለበት አገር ያለ ሕፃንም ሊመረመር ይችላል። ልቡ የሰፋበት ወንድ ሕፃን ከዚያ ጋር የኒውትሮፊል ማነስና የጡንቻ ዝለት ካለው፣ ወይም በእናቱ ወገን ምክንያቱ ሳይታወቅ በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንዶች ከነበሩ፣ ሐኪሙ ይህን ሕመም ሊጠረጥር ይገባል። የልብ ድካም መድኃኒቶችና ኢንፌክሽንን ቶሎ መቆጣጠር ቀደም ሲልም ሕይወት ያተርፉ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ አዲሱ ፔፕታይድ ይሥራም አይሥራ የሚጠቅሙት ሕመሙ በጊዜ ሲታወቅ ነው። ፈቃዱ ከ30 ኪሎ ግራም በታች ያሉትን ሕፃናት ስለማያካትት፣ ሕመሙ ልብን አብዝቶ በሚያጠቃበት በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ያሉት ሕሙማን ለጊዜው የሚታከሙት በእነዚሁ በቀደሙት መንገዶች ነው።